የካቶሊክ ትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል፦ ለ480 ሰው ምን ያህል እናዘጋጅ?

የኮሚቴ ጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ በሚገኝ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመቱን መዝጊያ የወላጆች በዓል እያዘጋጀን ነው። ቀኑ የሰኔ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል 260 ልጆች አሉን፤ ወላጅና እንግዳ ሲጨመር 220 አዋቂ እንጠብቃለን። ሦስት ነገር ቸግሮናል። አንደኛ፣ ዳቦና ቡናው ስንት ይበቃል? ሁለተኛ፣ ወላጅ የልጁ የውጤት ካርድ በእጁ ሲገባ ግቢውን ጥሎ ይሄዳል፤ ትንንሾቹ ባዶ ወንበር ፊት ይዘምራሉ። ሦስተኛ፣ የሃይማኖት ክበቡ የካቶሊክ ሚስዮናዊ የነበሩትን የአቡነ ያዕቆብን ሕይወት በድራማ ሊያቀርብ ይፈልጋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ኦርቶዶክስና ሙስሊም ናቸው። እባካችሁ ከልምዳችሁ አካፍሉን።

ጀበና እና ሲኒ
ከምግቡ ልጀምር። በዚያ ቀን የሐዋርያት ጾም ገና አልተፈታም፤ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር የጾም ይሁን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ያነሣል፣ ማንንም «አንተ ትበላለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይኖርም። ዳቦ ቤት ስታዝዙ «በዘይት ይሁን» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ ሊጡ ውስጥ የዱቄት ወተት የሚጨምሩ አሉና ወተትም እንቁላልም እንዳይገባበት በግልጽ ንገሯቸው።

1 ኪሎ ዱቄት 1.5 ኪሎ ገደማ ዳቦ ይወጣዋል፤ ለአንድ ሰው 120 ግራም ከቆረጣችሁ 12 ሰው ያዳርሳል። ለ480 ሰው 40 ኪሎ ዱቄት፣ ማለትም እያንዳንዱ ከ4 ኪሎ ዱቄት የሚጋገር ድፎ ዳቦ 10 ያስፈልጋችኋል። ከምድጃ እንደወጣ አትቁረጡት። ቢያንስ 3 ሰዓት ካልበረደ ይፈረፈራል፤ ሩቡ ፍርፋሪ ሆኖ ይቀራል።

ቡና ላይ ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው በፍሬው ሳይሆን በጀበናው ቁጥር ነው። የ1 ሊትር ጀበና 12 ሲኒ ያህል ይቀዳል፤ 65 ግራም የተወቀጠ ቡና ይበላል። ለ220 ሲኒ 19 ጀበና፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ግድም ዱቄት ነው። ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ ጥሬውን 1.5 ኪሎ ግዙ። አንዱ ጀበና ከሰል ላይ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በ4 ጀበና ከሠራችሁ 5 ዙር፣ 100 ደቂቃ ነው፤ በ2 ከሆነ ከ3 ሰዓት በላይ ይወስድባችኋልና እንግዳው ቡና ሳይቀምስ ይሄዳል። ቀድሞ የፈላውን ፔርሙስ ውስጥ አቆዩት። አብዛኛውን ቡና ማታውኑ ቁሉት፤ ለሽታው አንድ መቁያ ብቻ በዕለቱ ይበቃል። ፈንዲሻው ደግሞ 2 ኪሎ በቆሎ ለልጆቹ ሁሉ አንድ አንድ ብርጭቆ ያወጣል።

የመድረክ ሰው
የካርዱ ጉዳይ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ካርድ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ፣ በየክፍሉ፣ በክፍል ኃላፊው መምህር እጅ ብቻ ይሁን። ሮስተሩ (የክፍሉ የውጤት መዝገብ) ሐሙስ ካልተዘጋ ግን ቅዳሜ ጠዋት መምህራን ካርድ እየጻፉ ልጆቹን የሚያሰልፍ አይገኝም። የክፍያ ዕዳ ያለበት ወላጅ ካለ በዋዜማው በስልክ ይነገረው። በሰው ፊት ስሙ ተጠርቶ «ቢሮ ይግቡ» መባል ልጁንም የሚያሸማቅቅ ነገር ነው፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ሰዓቱን እንዲህ አስሉት። 12 ዝግጅት እያንዳንዱ 4 ደቂቃ፣ መቀያየሪያው 2 ደቂቃ ሲሆን 72 ደቂቃ ነው። ሦስት ንግግር ከ5 ደቂቃ ሳያልፍ 15። ሽልማት ከየክፍሉ ሦስት ልጅ፣ 18 ልጅ፣ 18 ደቂቃ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብትጀምሩ 4፡45 ላይ ያልቃል፤ ከዚያ ካርዱና ቡናው። ከ6 ሰዓት በፊት መጨረስ አለባችሁ፤ በሰኔ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ድንኳንም አያስጥልም። ሰዓቱን የሚበላው ዘወትር ንግግር ስለሆነ ሰብሳቢው «ሰዓት አልቋል» የሚል ወረቀት ይዞ ከፊት ለፊት ይቀመጥ።

1ኛ ክፍሎች መጀመሪያ ይውጡ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተቀመጡ ያለቅሳሉ፣ ሽንት ቤት ይላሉ። መዝሙሮቹን በፍላሽም በስልክም ያዙ። መብራት ቢሄድ ከበሮ ካለ መዝሙሩ አይቋረጥም። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውን መሬት ላይ አትተዉት፤ ውኃ ይደርስበታል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከ1ኛና ከ2ኛ ክፍል ልጅ ሲወጣ የሚወስደው ሰው ስም ዝርዝሩ ላይ ይፈርም። በግርግር መሀል ልጅ የሚጠፋው በር ላይ ነው።

ካቴኪስት
ድራማውን አትተዉት፤ የሚታየውን ክፍል ግን በጥንቃቄ ምረጡ። አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ፣ በ1839 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ገብተው ትግርኛ፣ አማርኛና ግእዝ ተማሩ። በ1841 ደግሞ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ ከሄደው መልእክተኛ ጋር ተጓዙ፤ ከተጓዦቹ መካከል የጎጃሙ ሊቅ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። ይህ ጉዞ ለአጭር ድራማ ይበቃል፦ በቅሎ፣ ባሕር፣ የሁለት ሊቃውንት ክርክርና ወዳጅነት። ከዚያ በኋላ ያለውን የእስርና የስደት ታሪክ በዚህ መድረክ አታምጡት። ታሪኩ እውነት ነው፤ ነገር ግን የ9 ዓመት ኦርቶዶክስ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ የተከሰሰች መስሎት አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያን ክፍል ለካቶሊክ ልጆች በትምህርተ ክርስቶስ ሰዓት፣ ከነምክንያቱ አስተምሩት።

መክፈቻ ጸሎቱ «አቡነ ዘበሰማያት» ይሁን። በግእዝ ስለሆነ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም አብሮ ይለዋል። ሙስሊም ልጆች በጸጥታ ይቁሙ፤ «አማትቡ» የሚል መምህር እንዳይኖር ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ቅዳሴ ካሰባችሁ ከበዓሉ ጋር አታጣብቁት፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፈቃደኛ ለሆነ ቤተሰብ ይቀደስ።

የኮሚቴ ጸሐፊ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ጀበና ያለን 2 ብቻ ነው፤ 2 ከወላጆች እንዋሳለን። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በዓሉ ላይ የሚሰበሰበው መዋጮ በማን ደረሰኝ ይግባ?

የመድረክ ሰው
በትምህርት ቤቱ ሕጋዊ ደረሰኝ ብቻ ይሁን። ገንዘቡን ሁለት ሰው፣ አንዱ ከወላጅ አንዱ ከትምህርት ቤቱ፣ እዚያው ቆጥረው ይፈርሙበት፤ ሰኞ ባንክ ይግባ። በማስታወሻ ደብተር የተመዘገበ መዋጮ በኋላ መተማመንን ያፈርሳል።