ለጓሮ ዛፍ የባትሪ መጋዝ በ200 ዶላር፦ ምን ይበቃል?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ወገኖች። በቅርቡ የገዛነው ቤት ጓሮ አንድ ትልቅ ሜፕልና አጥር ላይ የተንጋለለ ማልቤሪ የሚባሉ ዛፎች አሉት። ቅርንጫፎቹ ከአውራ ጣት ውፍረት እስከ 6 ኢንች ይደርሳሉ፣ አንዱ የሜፕል ቅርንጫፍ ጣሪያው ላይ ደርሷል። ነዳጅ የሚፈልግ መጋዝ አልፈልግም። የሪዮቢ 18 ቮልት ድሪልና አንድ ባለ 2 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አለኝ። በ200 ዶላር አካባቢ ምን ብገዛ ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ
እህታችን፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት። ባትሪና ቻርጀር ካለዎት ከሌላ ብራንድ አይጀምሩ። ገንዘቡን የሚበላው ባትሪው ነው፤ ያለ ባትሪ የሚሸጠው መሣሪያ በጣም ይረክሳል። የሪዮቢ 40 ቮልት ግን ሌላ ቤተሰብ ስለሆነ የእርስዎ ባትሪ አይገባበትም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቮልትም አያታልልዎ። የዲዋልት «20 ቮልት ማክስ» እና የሌሎቹ 18 ቮልት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ውስጣቸው አምስት ሴል (ትንንሽ ባትሪ) በተርታ ነው፣ 20 የሚባለው ሙሉ ሲሞላ ያለው ነው። ማወዳደር ያለብዎት ዋት-ሰዓቱን፣ ባትሪው የሚይዘውን ጠቅላላ ኃይል ነው። 18 ቮልት በ2 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 36፣ በ4 ሲባዛ 72 ዋት-ሰዓት ይሆናል።

ባለ 2ቱ ባትሪ ለድሪል ይበቃል፣ ለመጋዝ ግን አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ አንድ ተርታ ሴል ብቻ ስላለ ጠንካራ እንጨት ሲገጥመው ቮልቱ ይወርድና የባትሪው መከላከያ መጋዙን ያጠፋዋል። ብዙ ሰው መሣሪያው ተበላሸ ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ባለ 4 ይግዙ። ከሥራ በኋላ ትኩሱን ባትሪ ወዲያው ቻርጀር ላይ አይሰኩት፣ ይቀዝቅዝ። ክረምት ላይም ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሆነ ጋራዥ ውስጥ አይሙሉት።

ለእርስዎ ሥራ የምመርጠው ቼይንሶው (በሚዞር ሰንሰለት የሚቆርጠው መጋዝ) ሳይሆን ሶውዞል የሚሉትን፣ ምላጩ ወደፊትና ወደኋላ የሚመላለሰውን መጋዝ ነው። 9 ወይም 12 ኢንች የዛፍ ምላጭ ይግጠሙለት፤ በኢንች 5 ጥርስ አካባቢ ያለው፣ ጥርሱ ሻካራና ሰፋ ያለው ነው። የብረት ምላጭ እርጥብ እንጨት ውስጥ ዱቄቱ ይሞላበትና ያቃጥላል እንጂ አይቆርጥም። ዋናው ዘዴ የመጋዙን አፍ፣ ምላጩ የሚወጣበትን ብረት፣ ቅርንጫፉ ላይ አጥብቆ መደገፍ ነው። ክፍተት ከተተወ ቅርንጫፉ ከምላጩ ጋር አብሮ ይወዛወዛል፣ ምላጩም ይጣመማል። ባለ 6 ኢንቹን ቅርንጫፍ በ12 ኢንች ምላጭ ይቆርጠዋል፤ ቀስ ይላል፣ ግን ይጨርሳል። ከ1 ኢንች በታች ላለው ባትሪም አያስፈልግ፤ ረጅም እጀታ ያለው የእጅ መቀስ ይበቃል። ሁለቱ ስለት እንደ ወረቀት መቀስ የሚተላለፉበትን ይምረጡ፤ አንዱ ስለት ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚያርፈው ዓይነት ሕያው እንጨት ይጨፈልቃል።

መልስ፣ ከላውረል
በሜፕሉ እስማማለሁ። ማልቤሪ ግን በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፣ ስለዚህ ባለ 10 ኢንች ቼይንሶው ውሎ አድሮ ያስፈልግዎታል። ባለ 6 ኢንቹን ትንሹን ቼይንሶው፣ በአንድ እጅ የሚያዘውን፣ ርካሽ ነው ብለው አይግዙ። የሚሠራው ርዝመቱ ከ6 ኢንች ስለሚያንስ ወፍራሙን ቅርንጫፍ ከሁለት በኩል መቁረጥ ግድ ይላል፤ ብዙዎቹ ደግሞ የሰንሰለት ፍሬን የላቸውም፣ ሌላው እጅ ሳይታሰብ ቅርንጫፉን ይይዛል፣ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው።

ርካሽ ቼይንሶው አይቆርጥም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሰንሰለቱ ምክንያት ነው። ሰንሰለቱ በሚዞርበት ረጅም ብረት፣ በመሪው ብረት፣ የላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉት ጥርሶች ስለታቸው ወደ ጫፉ፣ ከእርስዎ ወደ ውጭ ማየት አለበት፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ጭስ እንጂ ቁርጥ የለም። ውጥረቱን ለማየት ባትሪውን አውጥተው ሰንሰለቱን ከመሪው ብረት መሃል ወደ ላይ ይሳቡ፦ የውስጥ ጥርሶቹ ከቦዩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጡ ሲለቁት ተመልሶ መግጠም፣ በጓንት እጅ ሲጎትቱትም በቀላሉ መሄድ አለበት። አዲስ ሰንሰለት ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቁርጦች በኋላ ስለሚላላ ደግመው ይወጥሩ። እንጨቱ ፍልጥ ፍልጥ እያለ ከወጣ ስለቱ ደህና ነው፤ ዱቄት ከሆነ ዶልዱሟል። ሞረድ ሲገዙ በመመሪያው ያለውን ውፍረት ይዩ፤ ባለ 3/8 ሎው ፕሮፋይል ለሚባለው የተለመደ የሰንሰለት ዓይነት 5/32 ኢንች ክብ ሞረድ ነው። መጋዙ ሲቀመጥ የሰንሰለቱን ማለስለሻ ዘይት ማንጠባጠቡ ብልሽት አይደለም፤ ሥራ ሲያበቃ ታንኩን ባዶ አድርገው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
እግዜር ይስጥልኝ። ጣሪያው ላይ ያለውንስ በመሰላል ወጥቼ ብቆርጠው?

መልስ፣ ከአሌክሳንድሪያ
በፍጹም። መሰላልና መጋዝ አብረው አይሄዱም፤ ክብደቱ ሲወድቅ የተረፈው ቅርንጫፍ ወደ ላይ ይነሳና መሰላሉን ይመታል። ለአንድ ቅርንጫፍ ባለ ረጅም ዘንጉን መጋዝ ለአንድ ቀን ይከራዩ እንጂ አይግዙ፤ ሲዘረጋ ጫፉ ይከብዳል፣ ክንድ ያደክማል። ከሥሩ አይቁሙ። ዘንጉ ፋይበርግላስ ቢሆንም ከመብራት ሽቦ አያድንም፤ ሽቦው በ10 ጫማ ውስጥ ካለ መጋዙን አያንሱ፣ ለመብራት ኩባንያው ይደውሉ።

ወፍራም ቅርንጫፍ በሦስት ቁርጥ ይወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ጫማ ርቀው ከታች ወደ ላይ ሲሶውን ይቁረጡ፣ መጋዙ ሳይያዝ ያቁሙ። ከዚያ 2 ኢንች ያህል ወደ ውጭ ርቀው ከላይ ይቁረጡ፤ ቅርንጫፉ የግንዱን ልጥ ሳይልጥ ይወርዳል። መጨረሻ ጉቶውን ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ካበጠው ቀለበት ወጣ ብለው ይጨርሱት። ቀለበቱን ከቆረጡት ቁስሉ አይገጥምም፤ ረጅም ጉቶ ከተዉም ይበሰብሳል። የሜፕሉን ቁስል ቀለም መቀባት አያስፈልግም። በክረምት መጨረሻ ከተቆረጠ ፈሳሽ ያነባል፣ አይጎዳውም።

መልስ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ
ሕጉንም ልጨምር። እርስዎ ባሉበት በሜሪላንድ በራስዎ ጓሮ ራስዎ ይቆርጣሉ፤ በክፍያ የሚሠራ ሰው ከጠሩ ግን የስቴቱን የዛፍ ባለሙያ ፈቃድ ያሳይዎ። ከቤትዎ ፊት በመንገድ ይዞታ ላይ ያለው ዛፍ የእርስዎ ቢመስልም ያለ ስቴቱ ፈቃድ አይነካም። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ የግንዱን ዙሪያ በመለኪያ ሜትር ለኩ፦ ከ44 ኢንች ጀምሮ ዛፉን ራሱን ከግንዱ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከ100 ኢንች ጀምሮ ያለው ጤነኛ ከሆነ አይቆረጥም።

አንድ ነገር ከሥራ በፊት ይዩ። ግንዱ ላይ ፀጉር ያለው ገመድ የመሰለ ሐረግ ከተለጠፈ ፖይዝን አይቪ ነው። በመጋዝ ከቆረጡት ዘይቱ ፊት ላይ ይረጫል፣ ቆዳን ያቃጥላል፤ ቅጠሉ በረገፈበት ክረምትም ያው ነው። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ጓንት አድርገው ከሥሩ በእጅ መቀስ ይቁረጡት፣ መቀሱን በሳሙና ይጠቡ፣ ሐረጉን ደግሞ በጭራሽ አያቃጥሉ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል።