ልጄ አላባማ ካልሄድኩ ብሎ አስቸገረኝ

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አፍንጫችን ሥር ነው። እሱ ግን ቱስካሉሳ ከተማ ያለው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ካልሄድኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ከክፍሉም አንዷ ቴነሲ፣ ሁለቱ ሳውዝ ካሮላይና አመልክተዋል። እኔ ስለ አላባማ የማውቀው የ1963ቱን ነው፤ አገረ ገዢው ጆርጅ ዋላስ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ ጥቁር ተማሪ አይገባም ያለበትን። ምን አይተው ነው? የአሜሪካን ፉትቦሉ ብቻ ነው?

የሁለት ልጆች አባት፦
እህቴ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ትልቋ ልጄ አሁን እዚያ ሦስተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ ናት። ፉትቦሉ ውሸት አይደለም። እኔን የረታኝ ግን አንድ የዩኒቨርሲቲው የስኮላርሺፕ ሰንጠረዥ ነው።

አንድ እሁድ ማታ ላፕቶፗን ይዛ ኩሽና መጣች። ባንድ በኩል የሃይስኩል ጂፒኤ፣ በሌላ በኩል የኮሌጅ መግቢያ ፈተናው፣ የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ ውጤት። ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ በዓመት ስንት ዶላር እንደሚሰጧት ተጽፏል። ወላጅ ስንት ያገኛል ብሎ ነገር የለም። የእኛ ገቢ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ለእርዳታ ይበዛል፣ ለመክፈል ያንሳል። ገና ሳታመለክት ሒሳቡን አወቅነው።

ለምን ይሰጣሉ? ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ስቴቱ የሚመድበው ገንዘብ ቀነሰ። በ2003 ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮበርት ዊትም ዩኒቨርሲቲውን ማስፋት ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ ተማሪ የተሰቀለው ዋጋ የስቴቱ ልጅ ከሚከፍለው ከእጥፍ በላይ ነው። ቀንሰውለትም ያዋጣቸዋል። መርካቶ ዋጋ ሰቅሎ ቅናሽ አደረግኩልሽ እንደሚለው ነጋዴ በይው። ዛሬ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ከግማሽ በላይ የውጭ ስቴት ልጅ ነው።

የፉትቦል ጨዋታ ያለበትን ቅዳሜ ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ስታዲየሙ ከ100 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው በድንኳን ተሞልቶ ሥጋ ይጠበሳል። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ «ሰር» ብሎ ሳህን አቀበለኝ። የአሳማ ነው ወይ ብዬ ስጠይቀው ክፉኛ ደነገጠ፤ ሮጦ ዶሮ አመጣልኝ። የሰሜኑ ልጅ ይሄን አይቶ ቢነሆልል አይፈረድበትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የዩኒቨርሲቲ ጂፒኤዋ ከ3.0 ከወረደ ገንዘቡ ይቋረጣል። የኔዋ በመጀመሪያው ሴሚስተር ካልኩለስ ላይ ሲ አምጥታ ስንት ቀን እንቅልፍ አጥተናል። ሰንጠረዡም ይቀያየራል፤ የዘንድሮውን ራስሽ እዪው እንጂ የጎረቤት ወሬ አትመኚ።

ታክሲ ነጂው፦
አጭር ጥቆማ። ልጁ የሚፈልገው ትምህርት ሜሪላንድ ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሌለ «አካዳሚክ ኮመን ማርኬት» የሚሉትን ጠይቂ። የደቡብ ስቴቶች ስምምነት ነው፤ ሜሪላንድም አለችበት። ከተሳካ እንደ ስቴቱ ልጅ ነው የሚከፍለው። ዲሲ ለሚኖሩ ደግሞ ዲሲ ታግ የሚባል የኮሌጅ ክፍያ ድጋፍ አለ።

ከቱስካሉሳ፦
እኔ እዚሁ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፣ ከቨርጂኒያ። እማማ፣ ዋላስ የቆመበት በር የፎስተር አዳራሽ ነው፤ ወደ ክፍል ስሄድ አልፈዋለሁ። ከፊቱ ያለው አደባባይ ዛሬ የሚጠራው በዚያን ቀን በገቡት በሁለቱ ተማሪዎች፣ በቪቪያን ማሎንና በጄምስ ሁድ ነው። ሁሉ ሰላም ነው አልልዎትም። ሶሮሪቲና ፍራተርኒቲ (የሴትና የወንድ ተማሪዎች ማኅበራት) ላልገባ የመጀመሪያው ዓመት ይጨንቃል። ሀበሻም ብዙ የለም። እንጀራ ሲያምረን መኪና ሞልተን አትላንታ ድረስ እንነዳለን፣ ሦስት ሰዓት። ለእርስዎ ግን ባቡር አለ። ክረሰንት የሚባለው አምትራክ ከዲሲ ማታ ተነስቶ በማግስቱ ቱስካሉሳ ያደርስዎታል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ልጆች። ማታ ሰንጠረዡን አብረን እንከፍታለን። ባቡሩ ላይ ስንት ሻንጣ ነው የሚፈቀደው? ድርቆሹ ብቻውን አንድ ይሞላል።