ከኮምቦልቻ እስከ ኪጋሊ በየብስ፤ ለሁለት ተማሪዎች ምን ምን ያስፈልጋል?

ቦርከና (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ የምንማር ሁለት ጓደኛሞች ነን። በክረምቱ እረፍት፣ ነሐሴ ላይ፣ በአውቶቡስ ናይሮቢ፣ ቀጥሎ ካምፓላ፣ በመጨረሻም ኪጋሊ ደርሰን በዚያው መንገድ ለመመለስ አስበናል። አሁን ግንቦት ስለሆነ ጊዜ ያለን ይመስለኛል። ሁለታችንም ፓስፖርት አለን፤ የእኔ ሊያበቃ ስምንት ወር ይቀረዋል። ቪዛ የትኛው አገር ላይ ነው የሚጠየቀው? ሞያሌ ላይ ምን እንጠንቀቅ? ገንዘቡንና ወረቀቱንስ ለሁለት እንዴት ብንይዘው ይሻላል? እናቴ ዳቦ ቆሎና በሶ ላዘጋጅላችሁ ብላለች፤ ድንበር ላይ ይወረሳል የሚሉ ሰዎች ግን አሉ። እውነት ነው?

ሐረጎ፦
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ፓስፖርትህን አድስ። ዛሬ ስምንት ወር ያለው ፓስፖርት ነሐሴ ላይ አምስት ወር ነው የሚቀረው፤ በየድንበሩ የሚፈለገው ደግሞ ቢያንስ ስድስት ወር ነው። ማመልከቻውን በኢንተርኔት ሞልተህ ደሴ ያለውን የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ምረጥ። እድሳቱ ሳያልቅ ሌላ ወረቀት አትጀምር፤ አዲሱ ፓስፖርት ቁጥሩ ስለሚለወጥ በአሮጌው ቁጥር የወጣ ቪዛ ችግር ያመጣብሃል።

ፓስፖርቱ እጅህ ሲገባ የቢጫ ወባ ክትባት ተከተቡ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከዚህ በፊት የተከተበና ካርዱ ያለው ሰው ድጋሚ አይከተብም።

ከዚያ ወደ ቪዛው። ኬንያ ኢትዮጵያዊን ቪዛ አትጠይቅም። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አገሮች ዜጎች 30 ቀን ያለ ቪዛ ትሰጣለች። ቪዛ የምትፈልገው ኡጋንዳ ብቻ ናት። በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያው 50 ዶላር ነው፤ የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ፣ ጉርድ ፎቶና የቢጫ ወባ ካርዱ ተቃኝተው ይጫናሉ። እንግዲህ ያለ ካርዱ ማመልከቻውን መጨረስ አይቻልም ማለት ነው።

እቅዳችሁ ላይ ያየሁት ትልቁ ክፍተት መመለሻው ነው። የ50 ዶላሩ ቪዛ አንድ ጊዜ መግቢያ ነው። ከኪጋሊ ተመልሳችሁ በካምፓላ ልታልፉ ስትሉ ሌላ 50 ዶላር ይመጣል። 100 ዶላር የሚከፈልበት የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛም አለ፤ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ለ90 ቀን ደጋግሞ ያስገባል። ግን ሁለቱ አገሮች ለእናንተ ነጻ ስለሆኑ ምንም አያተርፋችሁም። ከእኔ የምትሰሙ ከሆነ ሄዳችሁ በየብስ፣ ከኪጋሊ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ተመለሱ። የሁለተኛው ቪዛ፣ የበርካታ ቀን የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ሲደመር ከትኬቱ ጋር ያለው ልዩነት ይጠባል፤ ድካሙን ሳልቆጥር ነው።

ጦሳ፦
ሐረጎ ያለው ላይ ስለ ስም ልጨምር፤ የወሎ ልጅ በብዛት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። «መሐመድ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ ፓስፖርቱ ላይ በ«ኦ»፣ የክትባት ካርዱ ላይ በ«ዩ» ይሆንና ሁለት ሰው ይመስላል። ክትባት ስትወስዱ ስማችሁን በቃል አትናገሩ፤ ፓስፖርቱን አስቀምጡና ፊደል በፊደል እያዩ ይጻፉላችሁ። ካርዱን ከመቀበላችሁ በፊትም አስተያዩት።

የቪዛ ቅጹ «ሰርኔም» ሲል የአባት ይሁን የአያት ስም ብላችሁ አትጨነቁ። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ግርጌ ተመልከቱ። ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። የላይኛው መስመር ላይ ከአገር መለያው ሦስት ፊደላት ቀጥሎ፣ እስከ ሁለቱ ተከታታይ የቀስት ምልክቶች ድረስ ያለው ሰርኔም ነው፤ ከቀስቶቹ በኋላ ያለው ደግሞ የተቀረው ስም። ቅጹ ላይ ልክ እንደዚያው ሙሉ። የልደት ቀንም ፓስፖርቱ ላይ ካለው የፈረንጅ ቀን ይገለበጣል፤ በራሳችሁ ሒሳብ አታዙሩት።

ገራዶ፦
ሞያሌን በተመለከተ፦ ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ቀን አይገባም። መንገዱ በሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ ነውና ሐዋሳ ወይም ዲላ እደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ያለውን መስመርም ሆነ የደቡቡን መስመር ደኅንነት መናኸሪያ ላይ ከሾፌሮች ጠይቁ፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ የሚያዛልቅ ሁለት የትርፍ ቀን ያዙ።

ሞያሌ አንድ ከተማ ናት፣ ግማሿ ኢትዮጵያ ግማሿ ኬንያ። የአካባቢው ሰው ለገበያ ወዲያና ወዲህ ሲል ታያላችሁ፤ እሱን ተከትላችሁ እንዳትሻገሩ። «ቶሎ ላሳልፋችሁ» የሚል ደላላ ከመጣም አትስሙት። በ2020 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወደተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ ግቡና ሁለት ማኅተም ይዛችሁ ውጡ፦ የኢትዮጵያ መውጫና የኬንያ መግቢያ። ከመስኮቱ ሳትርቁ ገጹን ግለጡ። ቀኑ ይነበባል? የተፈቀደላችሁ የቆይታ ቀን ተጽፏል? የሁለታችሁም ተመትቷል? ማኅተሙ የጎደለ ሰው ሞያሌ ላይ ማንም ምንም አይለውም፤ የሚያዘው በማርሳቢትና በኢሲዮሎ መንገድ ላይ ነው። እዚያ አውቶቡሱ በየኬላው ይቆማል፣ መታወቂያ ይታያል፤ ማኅተም የሌለው በሕገወጥ መንገድ እንደገባ ይቆጠራል። ስለዚህ ፓስፖርቱ ኪስ ውስጥ ይሁን እንጂ ከታች ዕቃ መጫኛ ውስጥ ባለ ሻንጣ አይግባ።

ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፣ አስፋልት ነው። ብዙዎቹ አውቶቡሶች የሚቆሙት ኢስሊ ሰፈር ነው፤ አማርኛ የሚሰማና እንጀራ የሚሸጥ አይጠፋም።

አይጠየፍ፦
አብሽሩ፣ ዳቦ ቆሎው አይወረስም። የሚወረሰው ፌስታሉ ነው። ኬንያ ፌስታልን ከ2017፣ ሩዋንዳ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋል፤ ሩዋንዳ ድንበር ላይ ሻንጣ ከፍተው ይፈትሻሉ። ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት፣ በሶውን ክዳኑ በሚጠብቅ ጣሳ አድርጉት። ጫማና የቆሸሸ ልብስ የምትጠቀልሉባቸውንም ፌስታሎች አውጡ፤ የሚረሱት እነሱ ናቸው። ጥሬ እህል አትያዙ። ጫት ሩዋንዳ ውስጥ ወንጀል ነው፤ ከኪስ ውስጥ ገረባ እንኳ እንዳይገኝ።

ሰዓት፦ ትኬት ላይ 8:00 ከተባለ የእኛ 2 ሰዓት ነው፤ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ግን ለዩ፣ የሌሊት አውቶቡስ ብዙ ነው። ስዋሂሊው ቆጠራው እንደ እኛው ስለሆነ «ሳ ምቢሊ» ያላችሁ ሰው 2 ሰዓት ማለቱ ነው። እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እየቀላቀለ ሲነግራችሁ ትኬቱን አሳዩትና በጣቱ ያመልክት። ኪጋሊ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ እዚያ 8:00 ሲሆን እኛ ጋ 3 ሰዓት ነው።

ኬንያና ኡጋንዳ መኪና በግራ ይነዳል፤ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ሶኬታቸውም ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ የእኛ ቻርጀር አይገባም፤ መቀየሪያ ያዙ። ሩዋንዳ ሁለቱም እንደ እኛ ነው። በፈረንጅ ወር የመጨረሻ ቅዳሜ ኪጋሊ ከጠዋቱ በእነሱ 8 እስከ 11 ለማኅበረሰብ ሥራ ትዘጋለች፤ በዚያ ሰዓት ሱቅም ትራንስፖርትም አትጠብቁ።

ሐረጎ፦
ገንዘብ ሳይነሳ ቀረ። ዶላር ከባንክ ለመግዛት ፓስፖርትና የጉዞ ትኬት ይጠየቃል፤ ከኪጋሊ የምትመለሱበት የአውሮፕላን ትኬት እዚህም ይጠቅማችኋል። ኖቶቹን አንድ በአንድ እዩ፦ የተቀደደ፣ የተጻፈበት፣ ወይም ፊቱ ላይ በትንሹ የታተመው ዓመት ከ2009 በፊት የሆነ ዶላር ካምፓላ ውስጥ አይቀበሏችሁም። የ100ና የ50 ኖት ከትንንሾቹ የተሻለ ይመነዘራል፤ ጥቂት 10 እና 5 ግን ለችግር ቀን ይኑራችሁ።

ናይሮቢ እንደገባችሁ በፓስፖርታችሁ ሲም አውጥታችሁ ኤም-ፔሳ (በስልክ መክፈያውን) አስመዝግቡ፤ ሱቁም ማታቱውም (ሚኒባስ ታክሲውም) የሚከፈለው በሱ ነው። እዚህ አገር ካለው የኤም-ፔሳ ሒሳባችሁ ጋር አንድ አይደለም።

ለሁለት ስትሆኑ በየሳምንቱ እኩል አዋጥታችሁ አንዱ ይክፈል፣ አንዱ በደብተር ይመዝግብ። የጋራው ገንዘብ ካለቀ ማታውኑ ተሳሰቡ። ፓስፖርትን ግን ሁለቱንም አንድ ቦርሳ ውስጥ እንዳታደርጉ! እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ፣ ኮፒውን ደግሞ ተለዋወጡ። አንዱ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ ሌላው ኮፒውን ይዞ ኤምባሲ መሄድ ይችላል።

ቦርከና (ጠያቂ)፦
በጣም አመሰግናለሁ፤ የፓስፖርቱን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፣ ነገ አመለክታለሁ። ከኪጋሊ በአውሮፕላን ከተመለስን እስከ ኮምቦልቻ በአንድ ትኬት ይቻላል?

ገራዶ፦
ይቻላል። በአንድ ትኬት ሲሆን የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ወደ ቀጣዩ የማዛወሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ለየብቻ ከቆረጣችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። አዲስ አበባ ላይ የፓስፖርትና የጉምሩክ ፍተሻ ስላለ ሰፋ ያለ ክፍተት ያለውን በረራ ምረጡ። ሻንጣ ስታስረክቡ ኪጋሊ ላይ የሚታሰረውን ወረቀት እዩት፤ የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ መለያው በደሴ ስም ስለሆነ «ዲ ኤስ ኢ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ፈልጉ።