አስቸኳይ፦ ለቆዳ ቦርሳ ያገለገለ ማሽን ልገዛ ነው፣ የቱን ልያዝ?

ቦርሳ ሠሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማሽኔ ዛሬ ጠዋት ሥራ አቆመ። የቦርሳ ማንገቻ ስሰፋ መርፌ በላይ በላዩ ሰበረ፣ ከዚያ ጭራሽ ክር መያዝ ተወ። ቅዳሜ 40 ቦርሳ ማስረከብ አለብኝ። ደላላው ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች አሳይቶኛል። አንዱ ጫማ ሰፊዎች የሚይዙት ክንደ ቀጭን አሮጌ ሲንጀር ነው፣ ትልቅ መዘውር ያለው። ርካሽ ነው። «የማይበሳው ነገር የለም» ብሎኛል። ሌላው ጁኪ 1541 ነው፣ ከነጠረጴዛው ከነሞተሩ፣ ግን ውድ ነው። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ቀብድ ካላስያዝሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለኝ። የቱን ልውሰድ?

የመርካቶው፦
ያ «ሌላ ሰው» እኔም ማሽን ስገዛ ሊወስደው ነበር። እስካሁን አልመጣም! አትደንግጪ እህቴ። ጁኪውን ያዢ።

ጋሽ መካኒክ፦
ልጄ፣ ሌላ ከመግዛትሽ በፊት ያለሽ ማሽን ለምን እንደሰበረ እወቂ። ያልነገርሽን ብዙ ነው። የምን ቆዳ ነው? ውፍረቱስ? ክሩ ስንት ቁጥር ነው? ማሽኑ የጨርቅ ነው?
የጨርቅ ከሆነ የሚጎትተው ከታች ባሉት ጥርሶች ብቻ ነው። የታችኛው ቆዳ ይሄዳል፣ የላይኛው እግሩ ላይ፣ ማለትም ከላይ በሚጫነው ብረት ላይ፣ ይዞ ይቀራል። አንቺ ደግሞ በእጅሽ ትስቢዋለሽ። ያኔ መርፌው ይታጠፍና ከሥር ያለውን ብረት ይመታል። 1541 እንዲህ አይደለም። ከታች ጥርሱ ይጎትታል፣ ከላይ እግሩ ይራመዳል፣ መርፌውም ቆዳው ውስጥ እንዳለ አብሮ ይሄዳል። ቆዳው ቢደራረብም ላይና ታቹ እኩል ይሄዳል። ስፌቱ እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ለቦርሳ ግን 4 ወይም 5 ይበቃል።

ቦርሳ ሠሪዋ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የከብት ቆዳ ነው፣ ማንገቻው ሲታጠፍ 5 ሚሊ ይሆናል። ክሩ ናይለን 20 ቁጥር፣ መርፌው 18። ማሽኑ የጨርቅ ነው። የበግ ቆዳ ስሰፋበት ግን ምንም ብሎ አያውቅም።

ጫማ ሰፊው፦
ሲንጀሩን አትናቁት፣ እኔ ልጆቼን ያሳደግኩበት ማሽን ነው። እግሩ ዙሪያውን ስለሚዞር ጫማ ውስጥም ሆነ ኪስ ሥር፣ ሌላው የማይደርስበት ይደርሳል። ለማንገቻ ግን አይሆንሽም። ቦቢኑ ትንሽ ነው፣ በወፍራም ክር ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የእግሩ ጥርስ ለስላሳ ቆዳ ላይ ምልክት ይተዋል። ቀጥ ያለ ረጅም ስፌት ደግሞ ያደክማል። ለጥገና እንደ ሁለተኛ ማሽን ከሆነ ግዢው።

የእጅ ስፌት፦
እኔ ሁለቱንም አትግዢ ባይ ነኝ። ማሽን በጥድፊያ አይገዛም። ማንገቻውን በወስፌና በሁለት መርፌ በእጅ ስፊው። አንዱ ክር ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይይዛል። ደንበኛም የእጅ ሥራ ያከብራል።

ቦርሳ ሠሪዋ፦
40 ማንገቻ እስከ ቅዳሜ በእጅ? እንዴት ተደርጎ?

ጋሽ መካኒክ፦
የበግ ቆዳ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ነው ዝም ያለሽ። ለ20 ቁጥር ክር መርፌው 22 ወይም 23 ነው። በ18 መርፌ ዓይን ውስጥ ክሩ ታንቆ ነው የሚያልፈው። የጨርቅ ማሽንሽ ላይ ደግሞ 22 አታስገቢ፣ ሁኩን፣ ከሥር ክሩን የሚይዘውን መንጠቆ፣ ይነካል።
ክር መያዝ የተወው መርፌው ሲሰበር ሁኩ ከቦታው ስለተንቀሳቀሰ ይመስለኛል። መዘውሩን በእጅሽ አዙሪ። መርፌው ታች ደርሶ 2 ሚሊ ያህል ሲመለስ የሁኩ ጫፍ ከመርፌው ዓይን ትንሽ ከፍ ብሎ ማለፍ አለበት። ካላለፈ የሁኩን ብሎኖች አላልቶ ማስተካከል ነው። ከዚያ ከ20 የሚቀጥነውን 40 ቁጥር ክርና 18 የቆዳ መርፌ አድርገሽ የቦርሳውን ቀጭን ቀጭን ክፍል ጨርሺበት። ማንገቻውን አትንኪበት።

የአዋሳው፦
ጁኪው ይሻላል። መርፌ 22 አድርጊ።

የመርካቶው፦
ወንድሜ ጋሼ አሁን ተናገሩት እኮ!

የአዋሳው፦
እሺ፣ ያልተነገረውን ልናገር። ሞተሩን ማን አየው? ከፋብሪካ የሚወጡ ማሽኖች ብዙ ጊዜ 380 ቮልት ስሪ ፌዝ (በሦስት የኃይል መስመር የሚሠሩ) ናቸው። ቤትሽ 220 ብቻ ከሆነ ተገዝቶ መቀመጡ ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። ክላች ሞተር ከሆነ ደግሞ ፔዳሉን ነካ ስታደርጊው ይበራል። ጨርቅ ላይ ስህተት ይፈታል፣ ቆዳ ላይ ግን ቀዳዳው ይቀራል። በ220 የሚሠራ ሰርቮ ሞተር ለብቻው ይሸጣል፣ አንድ አንድ ስፌት እያለ ይሄድልሻል። ወጪውን አስበሽ ከዋጋው አስቀንሺ።

ጋሽ መካኒክ፦
ይሄ ልጅ ልክ ነው። ስትሄጂ የራስሽን ቆዳና ክር ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ በሚሰጥሽ ቁራጭ ጨርቅ አትሞክሪ። መጀመሪያ ሞተሩን ሳታስነሺ በእጅሽ አዙሪውና መርፌው ከእግሩ ጋር ወደፊትና ወደኋላ መሄዱን እዪ። ካልሄደ ስሙ ምንም ቢሆን ተይው። ከዚያ ከአንድ ድርብ ወደ ሦስት ድርብ ውጪበት። እርከኑ ላይ ስፌቱ ካጠረ ወይም ከዘለለ ጠይቂ። ወደኋላ ስትመልሺው እዚያው ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት። የሥሩን ስፌት ገልብጠሽ እዪ። የሁኩን ጫፍ በጥፍርሽ ዳስሺ፣ ከቧጠጠሽ ተጎድቷል።
መርፌውም ሌላ ነው። የጨርቁ ማሽን ዲቢ 1 የሚባለውን መርፌ ነው የሚወስደው፣ 1541 ግን 135 በ17። የቆዳ ጫፍ ያለው 135 በ16 ይባላል። ያለሽን መርፌ አዛውራለሁ እንዳትዪ።

ቦርሳ ሠሪዋ፦
አሁን እዚያው ነኝ። መርፌው አብሮ ይራመዳል። ሦስት ድርብ ላይ አልዘለለም፣ ደስ ሲል! ግን ሞተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ቀለም ተቀብቶበታል። ሻጩ ሲንግል ፌዝ ነው ይላል። ሰዓቱ እየደረሰ ነው፣ ልክፈል?

የአዋሳው፦
አትክፈይ! መሰኪያውን እዪ፣ አራት ወይም አምስት እግር ካለው ስሪ ፌዝ ነው። መሰኪያው ተቀይሮም ሊሆን ስለሚችል ቀለሙን በሳንቲም ፋቂውና ፎቶ ላኪ።

የእጅ ስፌት፦
ቢያንስ ያለ ሞተሩ ዋጋ ጠይቂ። እንዲያ ከሆነ እኔም እስማማለሁ።

የመርካቶው፦
እህቴ፣ የቅዳሜው ካስጨነቀሽ ሰባተኛ አካባቢ ያለሁት እኔ ነኝ። 1541 አለኝ፣ ዓርብ ከሰዓት ሥራ የለበትም። ማንገቻዎቹን በማስቲሽ ለጥፈሽ፣ ጠርዛቸውን አቅጥነሽ ይዘሽ ነይ። 20 ቁጥር ክርም አለ።

ጫማ ሰፊው፦
ምን ሆነ? ከፈልሽ?

አዲስ ገቢ፦
እኔም 1541 እየፈለግኩ ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤስ ያለውና የሌለው ልዩነታቸው ምንድነው?

ጋሽ መካኒክ፦
ኤስ ያለው መከላከያ ክላች አለው። ክር ሲታነቅ ወይም መርፌ ሲነካ ሁኩን ያላቅቀዋል፣ ቦታውን እንዳይስት። ብታገኝ እሱን ውሰድ። ልጅቷ ግን ፎቶውን አልላከችም።