በወጣትነቴ ያየሁትን ጥቁርና ነጭ ፊልም የት አገኘዋለሁ?

ጥያቄ፦ ፎቶ አንሺው፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ በከተማችን አዳራሽ ያየሁትን የአማርኛ ፊልም እየፈለግሁ ነው። የገባሁት ከተጀመረ በኋላ ስለነበር ርዕሱን አላየሁም። ባለመሬቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሎሌውን ይቆጣል፤ ጭሰኞቹ ያርሳሉ፤ አንዲት እረኛ ልጅ ላም ለማትረፍ ስትሮጥ ጎርፍ ይወስዳታል። ዕብድ የሚሉት ሰውም ሌላው የማይደፍረውን ይናገራል።

እስከዚያ ቀን ፊልም ማለት ለእኔ በቪዲዮ ቤት የማየው ድብድብ ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ግን ሰው ከሩቅ ሲመጣ ካሜራው ሳይቸኩል ይጠብቀዋል። ዛሬ መንዝ ወጥቼ እረኞችን ፎቶግራፍ ሳነሳ ዓይኔ የሚሻው ያንኑ ዝግታ ነው። ከእኔ ጋር ፎቶግራፍ ለሚማሩ ወጣቶች ላሳየው እፈልጋለሁ። ርዕሱን የምታውቁ ንገሩኝ፤ ቅጂውን ከየት ላግኝ? ለማሳየትስ ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ የሲኒማ ወዳጅ፣ ደብረ ሲና

ወንድሜ፣ የምትፈልገው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ዕብድ የሚሉት ሰው ደግሞ ከበበ ይባላል። ኃይሌ ሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ሳለ በ1966 ዓ.ም. አገር ቤት መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀረጸው፤ ቀረጻው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው የፈጀው። ተዋንያኑም አብዛኞቹ በሙያው ያልሠለጠኑ ናቸው። ያንን ሁሉ እርጋታ በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ማግኘቱ እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ፊልሙ ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ ታድሷል። ስለዚህ የታደሰውን ቅጂ ፈልግ፤ በደበዘዘ ቅጂ የፊቶቹ ጥላና ብርሃን ይጠፋል። ኃይሌና ባለቤቱ ዋሽንግተን ውስጥ «ሳንኮፋ» የተባለ የመጽሐፍና የፊልም መደብር አላቸው። ለሕዝብ ለማሳየት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ በዚያ በኩል ጻፍላቸው። ትምህርታዊ ዝግጅት መሆኑን፣ የተመልካቹን ብዛትና መግቢያው በነጻ መሆን አለመሆኑን ግለጽ።

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር፣ መሐል ሜዳ

ልጄ፣ ሐሳብህ ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን ወጣቶቹ ያዩትን ሁሉ የአያቶቻቸው ታሪክ አድርገው እንዳይወስዱት አደራ። እንዲያ ያለው የባለመሬትና የጭሰኛ ሥርዓት ይበልጥ የጸናው በደቡቡ የአገራችን ክፍል ነው። እዚህ መንዝ አብዛኛው ገበሬ ርስተኛ ነበር፤ በእናቱም በአባቱም ወገን ዘር ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙው የመሬት ሙግት ከገዛ ዘመድ ጋር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የኛንም የርስት ሙግት አስቀረ። ይህን አስቀድመህ ብትነግራቸው ፊልሙን በሰፊው ያዩታል። በየቤታቸው ያሉትን ሽማግሌዎችም ቢጠይቁ መልካም ነው።

መልስ፦ እህታችሁ፣ ሸዋ ሮቢት

ስለ ዝግጅቱ ልጨምር። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አመሻሹ ላይ ጀምሩ። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ትንሽ ብርሃን ከገባበት ግራጫ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የፕሮጀክተሩ ድምፅ ስለሚደክም ለብቻው ድምፅ ማጉያ ተከራዩ። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር ይኑራችሁ፤ ግን ጩኸቱ እንዳይረብሽ ከአዳራሹ አርቁት። ለደብረ ብርሃን ብርድም ሁሉም ጋቢውን ይዞ ይምጣ።

ጥያቄ፦ ፎቶ አንሺው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ መምህርንም ለመክፈቻ ንግግር እጋብዛለሁ። መሐል ላይ ዕረፍት ልስጥ?

መልስ፦ የሲኒማ ወዳጅ

እኔ አልሰጥም። ዝግታውን የሚለምዱት ሳይቋረጥ ሲያዩት ነው። ከወደዱት በሚቀጥለው የሕንዳዊውን የፊልም ዳይሬክተር የሳትያጂት ራይን «ፓተር ፓንቻሊ» አሳያቸው። በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ የቤንጋል ገጠር ታሪክ ነው፤ የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ ከዚያ በፊት ፊልም ቀርጾ አያውቅም ነበር። ለጀማሪ ፎቶ አንሺዎች ከዚህ የተሻለ ማበረታቻ አላውቅም።