ሰፈሩ የፈረሰበት እድር እንዴት ይቀጥላል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም ሰፈሩ ሲፈርስ ጎረቤቱ ተበተነ፤ ገላን የሄደ አለ፣ አራብሳ የሄደ አለ። እኔና እናቴ አያት ኮንዶሚኒየም ተከራይተናል። ደረጃው ላይ የማገኘው ሰው ሰላምታ እንኳ አይመልስም። እሱስ ይለመዳል።

የከበደኝ እድራችን ነው። ሰብሳቢያችን ስላረጁ «አንተ ወጣት ነህ» ተብሎ ደብተሩ እኔ እጅ ገባ። መዋጮውን በቴሌብር ልሰብስብ ብል፣ እናቶች ስልካቸው ለመደወል ብቻ ነው። ጡሩንባ የሚነፋበት ሰፈርም የለም፤ ለቅሶውን ከቀብር በኋላ የሚሰማ አለ። እናቴን አዲሱ ሰፈር እድር ግቢ ስላት «እኔ ቀባሪ አለኝ» ትላለች። ምን ይባላል?

አንዳንዶቻችን በወሩ በ23 አራዳ ጊዮርጊስ እንገናኛለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ግን ለስብሰባ እዚያ ኑ አልላቸውም።

እንደኛ የተበተናችሁ፣ እንዴት አደረጋችሁ? በየአካባቢው ተጠሪ መደባችሁ? ወይስ ገንዘቡን ተካፍላችሁ ዘጋችሁት? የት ትሰበሰባላችሁ? ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩም ሰው ግቢ ተቆልሏል፤ ባለቤቱ ከክረምት በፊት አንሱልኝ ብሏል። የደረሰበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።