ኮምፕረሰሩ ቤት ከሠራሁለት ወዲህ እየጋለ ይጠፋብኛል

አዳማ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ባለ 3 ፈረስ ጉልበት፣ 100 ሊትር የሚይዝ ኮምፕረሰሬ (የአየር መጭመቂያ ማሽን) ጎረቤቶቼን በጩኸቱ ስላስመረረ ግቢው ጥግ ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠራሁለት፤ ወርዱ 1.2፣ ርዝመቱ 1.5፣ ከፍታው 1.8 ሜትር ነው። ውስጡን በስፖንጅ ለበጥኩት። ድምፁ በእርግጥ ቀነሰ። አሁን ግን ቫርኒሽ ስረጭ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ሞተሩ ግሎ ራሱን ያጠፋል (የአዳማ ፀሐይ በቆርቆሮ ላይ ምን እንደምትሠራ የሚያውቅ ያውቃል)። በሩን ስከፍት ደህና ይሠራል፤ ጩኸቱም አብሮ ይመለሳል። ከበሩ በላይ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ አስገባሁ፤ ለውጥ የለም። ከታች የአየር መግቢያ የለውም፤ የመዘውሩ (ቀበቶው የሚያዞረው ትልቁ ጎማ) ፊትም ከግድግዳው የሚርቀው አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ጩኸቱን መልሼ ጎረቤት ላይ ሳልለቅ ሙቀቱ እንዲወጣ የአየር መግቢያና መውጫውን የት የት፣ በምን ያህል ስፋት ልክፈት?